ሾልኮ የወጣ አልበምና የቆየ አድማጭ

አንድ አልበም ሾልኮ ወጣ የሚባለው፣ አሳታሚው ለሽያጭ ከቆረጠለት ቀን አስቀድሞ፣ ያለባለቤቶቹ ፈቃድ፣ ቅጂው በሕዝብ እጅ ሲገባ ነው። በሸክላና በካሴት ዘመንም እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥም ነበር፤ ሆኖም ካሴት ከካሴት በተገለበጠ ቁጥር የክሩ እሽታ እየጎላ ሙዚቃው እየደበዘዘ ስለሚሄድ፣ መገልበጡም አልበሙን ከዳር እስከ ዳር የማጫወት ያህል ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሾልኮ የወጣው ሥራ ከጥቂት ወዳጆች እጅ ብዙም ሳይርቅ ይቀር ነበር። ይህን የለወጠው ድምፅን በቁጥር መዝግቦ የማሳነስ ጥበብ ነው። በጀርመኑ የፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች ዋና ተሳትፎ የተሠራውና ኤምፒ3 በመባል የሚታወቀው የፋይል ዓይነት፣ የሰው ጆሮ እምብዛም የማይለያቸውን የድምፅ ዝርዝሮች እየጣለ፣ በሲዲ ላይ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት የሚይዘውን ሙዚቃ እስከ 128 ኪሎቢት፣ ማለትም ወደ አንድ አሥራ አንደኛ ገደማ ዝቅ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ናፕስተር የተባለው የፋይል መለዋወጫ ሥራ ሲጀምር ደግሞ አንድ ቅጂ ከአንድ ስቱዲዮ ወይም ከአንድ ፋብሪካ ከወጣ በሰዓታት ውስጥ ውቅያኖስ ተሻግሮ በሺዎች ኮምፒውተር ላይ የሚያድርበት ጊዜ መጣ።

ስለ አልበሞች መሾለክ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያተኩረው በገንዘብና በሕግ ላይ ነው፤ አሳታሚው ምን ያህል አጣ፣ ያወጣው ማን ነው፣ ፍርድ ቤቱስ ምን ወሰነ የሚለው ነው። ያን ያህል ያልተጻፈለት በሌላው ጫፍ ያለው ሰው፣ ባንዱን ለዓመታት ሲከተል የኖረው አድማጭ ነው። ሾልኮ የወጣውን ሥራ ቀድሞ የሚያገኘውም፣ ደጋግሞ የሚሰማውም እሱ ነው፤ ሆኖም እንደ ጓጓው ሳይደሰት የሚቀረው ብዙ ጊዜ ራሱ እሱ ይሆናል። በመጀመሪያው ማድመጥ ቅር የሚለው ነገር ሲያገኝ፣ ቅሬታውን በማን ላይ እንደሚጥል አያውቅም፦ ቅጂው የተበላሸ ወይም ያላለቀ ሊሆን ይችላል፤ ባንዱ ራሱ ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ አድማጩ ትናንት የወደደውን ዛሬም ሲጠብቅ ጆሮው አዲሱን አልቀበል ብሎት ሊሆን ይችላል። በእጁ ያለው ቅጂ ብቻውን ይህን ሊፈታለት አይችልም። ብዙዎች የሚያስቡት ይፋ የሆነው አልበም ሲወጣ ነገሩ እንደሚለይ ነው፤ የአንድ የእንግሊዝ ባንድ ታሪክ ግን ይህ እንኳ ሁልጊዜ እንደማይሆን ያሳያል።

ባንዱ ሬዲዮሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በኦክስፎርድሺር ግዛት በምትገኘው በአቢንግደን ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ይማሩ በነበሩ አምስት ወጣቶች የተመሠረተ ሲሆን፣ ድምፃዊው ቶም ዮርክ፣ ወንድማማቾቹ ጆኒና ኮሊን ግሪንውድ፣ ጊታር ተጫዋቹ ኤድ ኦብራየንና ከበሮ መቺው ፊሊፕ ሴልዌይ ከዚያ ወዲህ ሳይለዋወጡ አብረው የቆዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት «ኦኬ ኮምፒውተር» በሮክ ሙዚቃ ውስጥ ከዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች መካከል ሲቆጠር፣ አድማጮቻቸው ቀጣዩ አልበም የእሱ ታናሽ ወንድም ይሆናል ብለው ጠበቁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 የወጣው «ኪድ ኤ» ግን ጊታሩን ወደ ኋላ ገፍቶ በኤሌክትሮኒክ ድምፆች የተሞላ ነበር፤ ለማስተዋወቂያም እንደ ወጉ በነጠላ የተለቀቀ ዘፈን አልነበረውም። ይህም አልበም ከመውጣቱ በፊት በናፕስተር ላይ ተሰራጭቶ ነበር፤ ሆኖም በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆኖ ገባ፤ ባንዱ በዚያ አገር ይህን ደረጃ ሲይዝ የመጀመሪያው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት «ይህ የእኛ ባንድ አይደለም» ካሉት የቆዩ አድማጮች ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ ይህንኑ አልበም ከሁሉ አስበልጠው ሲያወሱት ተገኝተዋል። ስለዚህ የሬዲዮሄድ አድማጭ ሌላ ሾልኮ የወጣ አልበም ሲገጥመው፣ የመጀመሪያ ቅሬታውን እንደ ልቡ እንዳያምን የሚያስጠነቅቅ ትዝታ ነበረው። ይህ ትዝታ ጠቃሚ ቢሆንም ወጥመድም አለበት፤ አንድ ጊዜ በችኮላ ፈርዶ ያፈረ ሰው ቀጥሎ መፍረድ በሚገባው ጊዜም ዝም ማለት ይቀናዋልና።

ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2002 ለስድስተኛው አልበሙ ሲዘጋጅ መንገዱን ቀየረ። ቀደም ባሉት ሁለት አልበሞች ስቱዲዮ ውስጥ ወራት ሲፈጅ፣ ዘፈን ሲፈታና ሲገጥም ከርሞ ስለነበር፣ በዚህኛው አዲሶቹን ዘፈኖች በቅድሚያ በፖርቱጋልና በስፔን መድረኮች ላይ ሕዝብ ፊት ተጫወታቸው፤ ከዚያም ከአዘጋጁ ከናይጄል ጎድሪች ጋር ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ኦሽን ዌይ ስቱዲዮ ሄዶ በቀን አንድ ዘፈን የመጨረስ ዕቅድ ይዞ ለሁለት ሳምንት ሠራ። አዘጋጅ ሲባል እዚህ ላይ ቀረጻውን የሚመራ፣ የትኛው አጨዋወት እንደሚቀር የሚመርጥና የአልበሙን ጠቅላላ ድምፅ የሚቀርጽ ባለሙያ ማለት ነው፤ ጎድሪች ከባንዱ ጋር ካለው የረጅም ዘመን ትስስር የተነሳ ስድስተኛው አባል እየተባለ የሚጠራ ነው። ቀሪው ሥራ ኦክስፎርድሺር በሚገኘው የባንዱ ስቱዲዮ ተጠናቀቀ። አድማጮች በበጋው የመድረክ ዝግጅቶች ላይ የቀዷቸው ድምፆች አስቀድመው ከእጅ እጅ ሲዞሩ ስለነበር፣ ገና አልበሙ ሳይወጣ ብዙዎቹን ዘፈኖች በአንድ መልክ የሚያውቅ ሰው ተፈጥሮ ነበር።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 2003፣ ለሽያጭ ሊውል አሥር ሳምንት ሲቀረው፣ አልበሙ በኢንተርኔት ተሰራጨ። ስሙ «ሄይል ቱ ዘ ቲፍ» ነው፤ ለሌባው ሰላምታ እንደማለት ሲሆን፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሲገባ በሚመታው የሰልፍ ዜማ ስም ላይ የተቀለደ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በጆርጅ ቡሽ መመረጥ የተቆጡ ተቃዋሚዎች ይሉት የነበረ አባባል ነው። ስለ ሌባ የተሰየመ አልበም ራሱ መሰረቁ በወቅቱ ያላሳቀው አልነበረም። የወጣው ግን ያለቀው ሥራ አልነበረም፤ ከዚያው ዓመት መጀመሪያ ወራት የተገኘ፣ አርትዖቱ ያልተጠናቀቀና ቅልቅሉ ያልተሠራ ረቂቅ ነበር። ጆኒ ግሪንውድ ባንዱ የተናደደው ሙዚቃውን በወሰዱት አድማጮች ላይ ሳይሆን፣ ያላለቀ ሥራ በዚህ ዓይነት ዝርክርክ አኳኋን በመውጣቱ እንደሆነ ገለጸ፤ ወንድሙ ኮሊን ደግሞ ነገሩን ማለዳ ከአልጋ ሲነሱ አንድ ካልሲ ብቻ አድርገው ፎቶግራፍ ከመነሳት ጋር አመሳሰለው። አሳታሚው ኢኤምአይ ዘፈኖቹን ለሚያሰሙ የሬዲዮ ጣቢያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መላክ ሲጀምር ይኸው ኮሊን ተገርሞ፣ አሳታሚዎች ዘፈን እንዲሰማላቸው ለጣቢያዎች ገንዘብ ያወጡ እንዳልነበር አሁን እንዳይሰማ ወጪ ማውጣታቸውን አስተዋለ። ኩባንያው የመውጫውን ቀን ወደፊት ለማምጣት አልፈለገም። በዚህም የተነሳ የረቂቁና የይፋው ቅጂ ልዩነት አሥር ሳምንት ሙሉ ተዘርግቶ ቆየ።

ቅልቅል ያልተሠራለት ሙዚቃ ምን እንደሚጎድለው ለመረዳት የስቱዲዮን አሠራር በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። በዘመናዊ ቀረጻ እያንዳንዱ መሣሪያና እያንዳንዱ ድምፅ ትራክ በሚባል የራሱ መስመር ላይ ለየብቻው ይቀዳል፤ የከበሮው ስብስብ ብቻ ስምንትና አሥር መስመር ሊይዝ ይችላል። ቅልቅል፣ በአዲስ አበባ ስቱዲዮዎችም በእንግሊዝኛ ስሙ ሚክሲንግ የሚባለው ሥራ፣ እነዚህን መስመሮች ወደ አንድ ሙዚቃ የማምጣት ሥራ ነው፦ የቤዝ ጊታሩ ከከበሮው እግር ጋር እንዳይጋጭ ማድረግ፣ አንዱን ድምፅ ወደ ግራ ሌላውን ወደ ቀኝ ማስፈር፣ የድምፃዊውን ቃል ከመሣሪያው በላይ ወይም ከውስጡ ማስቀመጥ፣ ማስተጋባት መጨመር ወይም መቀነስ። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ማስተሪንግ ደግሞ ዘፈኖቹ አንድ ላይ ሲሰሙ አንዱ ጮኾ ሌላው ሰልሎ እንዳይገኝ የሚያስተካክል፣ ከዘፈን ዘፈን ያለውን ዝምታ የሚለካና ሥራውን ለፋብሪካ የሚያዘጋጅ የመጨረሻ ደረጃ ነው። አንድ ዘፈን በረቂቁ ላይ አሰልቺ ሆኖ ሲሰማ፣ አሰልቺነቱ ከዜማው የመጣ ይሁን ወይም ገና ወደ ፊት ካልመጣ አንድ መሣሪያ ከውጭ ሆኖ መለየት እጅግ ከባድ ነው። ባለሙያ እንኳ በዚህ ይሳሳታል።

እንግዲህ ታማኙ አድማጭ በእነዚያ አሥር ሳምንታት ውስጥ ምቹ የሆነ የሒሳብ አያያዝ ነበረው፤ በረቂቁ ውስጥ ያማረው ሁሉ ለባንዱ ይመዘገባል፣ ያላማረው ሁሉ ለመሾለኩ ይቆረጣል። ዘፈኑ ከረዘመ ገና አልታረመም ይባላል፤ ድምፁ ከደረቀ ገና አልተቀላቀለም፤ አሥራ አራት ዘፈን ከበዛ አንዳንዶቹ መጨረሻ ላይ ይወጣሉ ማለት ነው። ይህ አመለካከት በፍቅር የመጣ ስለሆነ ሊነቀፍ አይገባውም፤ ነገር ግን ጥርጣሬን ከመመለስ ይልቅ ለቀጠሮ የሚያሳድር ነው። ከዚህም የተነሳ ባንዱ ላይ የሚነሱ እውነተኛ ጥያቄዎች፣ ለምሳሌ አዲሶቹ ዘፈኖች የጊታሩን ዘመንና የኤሌክትሮኒኩን ዘመን ማስማማታቸው ነው ወይስ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት መቆንጠራቸው የሚለው ጥያቄ፣ በቅጂው ጥራት ሽፋን ስር ተደብቀው ቆዩ።

ከዚህ የጠለቀው ችግር ያለው በጆሮው በራሱ ላይ ነው። ሮበርት ዛየንስ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ታዋቂ ጥናት፣ ሰዎች ትርጉም የማያውቋቸውን ቃላት፣ የቻይንኛ ፊደል የሚመስሉ ምልክቶችንና የማያውቋቸውን ሰዎች ፎቶግራፎች ደጋግመው ባዩ ቁጥር፣ ሌላ ምንም ምክንያት ሳይኖር ወደ መውደዱ እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። ሙዚቃ ለዚህ ዓይነቱ መላመድ ከሁሉ የተጋለጠ ነው፤ ሰው መጽሐፍን ደጋግሞ የሚያነበው አልፎ አልፎ ሲሆን፣ ዘፈንን ግን በሳምንት ውስጥ ሃያ ጊዜ ሊሰማ ይችላል። ረቂቁን ለአሥር ሳምንት የሰማ አድማጭ ይፋው ቅጂ ሲደርሰው የሚሰማው ያለቀ ሥራ ሳይሆን የተነካካ ሥራ ነው፤ ድምፃዊው የሚገባበት ቅጽበት፣ የጊታሩ ሻካራነት፣ ቀድሞ የነበረና አሁን የሌለ ማስተጋባት፣ ሁሉም ከለመደው ጋር እየተነጻጸሩ እንግዳ ይሆኑበታል። በሚያዝያ ላይ ቅጂው አላለቀም ብሎ ያማረረ ሰው በሰኔ ላይ የቀድሞው ይሻል ነበር ብሎ ሲያማርር ቢገኝ፣ ግብዝ ሆኖ ሳይሆን ጆሮው በመካከሉ ስለ ሠለጠነ ነው።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ያለው ግን አድማጩ ባላየው በር ውስጥ ነው። ዮርክ በኋላ እንደተናገረው፣ አልበሙ ሳያልቅ ለረጅም ጊዜ አብረውት ስለኖሩ፣ የባንዱ አባላት ራሳቸው ለመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች እየተሸነፉ በቅልቅሉ ጊዜ ብርቱ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር፤ ጎድሪችም ከአልበሙ ሲሶ ያህሉ በሎስ አንጀለስ የተሠሩት ረቂቅ ቅልቅሎች እንዳሉ የቀሩበት እንደሆነ ገምቷል። ይህ ማለት ሠሪዎቹና ሰሚዎቹ፣ ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ዓይነት ሕመም ታመው ነበር ማለት ነው፤ ረቂቁን ደጋግሞ መስማት ሁለቱንም አስሯቸዋል። አድማጩ «ሲያልቅ ይስተካከላል» እያለ ይጠብቃቸው ከነበሩት ነገሮች አንዳንዶቹ ሠሪዎቹ ሆን ብለው፣ ተከራክረውም ቢሆን፣ እንዲቀሩ የወሰኑባቸው ነበሩ። ያለቀና ያላለቀ የሚባለው ድንበር በአሳታሚው የቀን መቁጠሪያ ላይ በግልጽ ይሰመራል፤ በስቱዲዮ ውስጥ ግን ድንበሩን የሚያሰምረው ብዙ ጊዜ ድካም፣ ቀጠሮና ስምምነት ነው። እንዲያውም ሲሶው ረቂቅ የሆነው ይኸው አልበም እ.ኤ.አ. በ2004 በግራሚ ሽልማት ላይ ለድምፅ ምሕንድስና የሚሰጠውን ሽልማት ለጎድሪችና ለባልደረባው አስገኝቷል። የጆሮ ሊቃውንት ባሉበት ዳኝነት እንዲህ ከሆነ፣ በኮምፒውተር ድምፅ ማጉያ የሰማው አድማጭ የቱ ጥሬ የቱ የበሰለ እንደሆነ ባይለይ አይፈረድበትም።

አልበሙ እ.ኤ.አ. ሰኔ 9 ቀን 2003 በብሪታንያ ለሽያጭ ቀርቦ አንደኛ ሆነ፤ በአሜሪካም በመጀመሪያው ሳምንት 300,000 ያህል ቅጂ ተሸጦ በሦስተኛ ደረጃ ገባ። መሾለኩ ገበያውን አላጠፋውም፤ ኢኤምአይም ጉዳዩ ለአልበሙ የወሬ ሽፋን እንዳስገኘለት አምኗል።

ጥርጣሬው በቅጂው ላይ ብቻ ሲያርፍ ነገሩ እንዴት የተለየ እንደሚሆን የሚያሳየው የአሜሪካው የሄቪ ሜታል ባንድ የሜታሊካ ታሪክ ነው። ይህ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያላለቀ አንድ ዘፈኑ በናፕስተር በኩል ተሰራጭቶ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሲያሰሙት ካገኘ በኋላ ኩባንያውን ፍርድ ቤት ያቆመ፣ በዚህም ከብዙ አድማጮቹ ጋር የተቀያየመ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ «ዴዝ ማግኔቲክ» የተባለው አልበሙ መስከረም 12 ቀን ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት አንድ የፈረንሳይ ሱቅ ቀድሞ በመሸጡ ሾለከ፤ ያን ጊዜ ግን ከበሮ መቺው ላርስ ኡልሪክ ዘመኑ እንዲህ ነው ብሎ በጸጋ ተቀበለው። ከሰሙት ብዙዎቹ ድምፁ የሚሰነጠቅና የሚያንቧርቅ መሆኑን አስተዋሉ፤ አንዳንዶቹም ቅጂው ቢበላሽ ነው ብለው ይፋውን ሲዲ ጠበቁ። ሲዲው መጣ፤ ያው ነበር። ምክንያቱ በሙያው የድምፅ ማመቅ የሚባለው፣ በሙዚቃው ውስጥ ያለውን የዝግታና የጩኸት ልዩነት አጥብቦ ሁሉም ነገር ጎልቶ እንዲሰማ የማድረግ ዘዴ ከልክ በላይ መደረጉ ነው። ይህን በማስረጃ ያሳየው ደግሞ ጊታር ሂሮ የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ሆነ፤ ለጨዋታው የተሰጡት ዘፈኖች ከመጨረሻው ማመቅ በፊት የተወሰዱ ስለነበሩ ከሲዲው የጠሩ ሆነው ተገኙ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ አድማጮችም አልበሙ እንደገና እንዲቀላቀል ፊርማ አሰባሰቡ። እዚህ ላይ አድማጩ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ስህተቱን በሾለከው ቅጂ ላይ በማላከኩ ብቻ ነው። ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር የተቻለበት ጥርጣሬ በሙዚቃ ዓለም እምብዛም አይገኝም፤ የሬዲዮሄድ አድማጭ በእነዚያ አሥር ሳምንታት ይህ ዕድል አልነበረውም።

በተቃራኒው ሾልኮ የወጣው ከይፋው ይበልጣል የሚል ክርክር ሲነሳም ነገሩ ቀላል አይሆንም። የአሜሪካዊቷ ድምፃዊት የፊዮና አፕል «ኤክስትራኦርዲነሪ ማሺን» እ.ኤ.አ. በ2005 በአዘጋጁ በጆን ብራየን እጅ በተሠራ መልኩ ሾለከ፤ በዚያው ሰሞንም አድማጮቿ አሳታሚው ይህን ውብ ሥራ ደብቆታል ብለው ኒው ዮርክ በሚገኘው የሶኒ ቢሮ ደጃፍ ድረስ ሄደው ተቃወሙ። በዚያው ዓመት በጥቅምት የወጣው ይፋ አልበም አብዛኛው በሌላ አዘጋጅ እንደገና ተሠርቶ ነበር፤ ከብራየን ሥራ የቀሩት ሁለት ዘፈኖች ብቻ ናቸው። በመጀመሪያው ቅጂ ያልረካችው ራሷ ድምፃዊቷ እንደነበረችም ተገለጸ። አድማጮቿ ቀድሞ የሰሙትን ወደው፣ ራሷ ያልፈቀደችውን ሥራ በስሟ ሲሟገቱላት ነበር።

ሬዲዮሄድ ከሁኔታው የወሰደው ትምህርት ተግባራዊ ነበር። ከኢኤምአይ ጋር የነበረው ውል ያለቀው በዚሁ አልበም ስለሆነ፣ ቀጣዩን ሥራ «ኢን ሬይንቦውስ»ን ማንም ሳያሾልክበት ራሱ ለማውጣት ወሰነ፤ አባላቱም የመልቀቂያውን ቀን በቀልድ የራሳቸው የመሾለኪያ ቀን ይሉት ነበር። አልበሙ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 መጀመሪያ ላይ ተነግሮ በአሥር ቀን ውስጥ፣ ጥቅምት 10 ቀን፣ ገዢው ራሱ በሚቆርጠው ዋጋ በኢንተርኔት ተሰጠ። ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ ተጽፏል፤ ለአድማጩ የተለወጠው ግን ሌላ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ቅጂ፣ ከባንዱ እጅ ስለተቀበለ፣ ያላለቀ ይሆናል የሚለው መሸሸጊያ ጠፋ፤ ያልወደደ አልወደድኩም ከማለት በቀር የሚያሳብብበት አልነበረውም። በእርግጥ የተሰጠው ፋይል በሰከንድ 160 ኪሎቢት ብቻ በመሆኑ፣ ስለ ድምፅ ጥራት የሚጨነቁት ሲዲው እስኪወጣ ፍርዳቸውን የሚያቆዩበት አንድ ትንሽ ሰበብ አግኝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ዮርክ በ«ኦኬ ኮምፒውተር» ዘመን በሚኒዲስክ የቀዳቸው 18 ሰዓት ያህል የሙከራ ድምፆች ተሰርቀው 150,000 ዶላር ተጠይቆባቸዋል ሲባል፣ ባንዱ ሙሉውን ለ18 ቀን በ18 ፓውንድ ለሽያጭ አቅርቦ ገቢውን ለአካባቢ ጥበቃ ንቅናቄ ሰጠ። ያላለቀ ሥራ ሲወጣ ተቆጥቶ የነበረው ባንድ በዚህ ጊዜ ከቁጡነት ይልቅ ግድየለሽነት አሳየ፤ ልዩነቱ ግን የዕድሜ ብቻ አይደለም። የ2019ኙ ረቂቅ አድማጩ ያለቀውን ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ከሰማ በኋላ የመጣ ስለሆነ ማንንም አላጠራጠረም፤ እንደ ታሪክ ሰነድ ተነበበ። ረቂቅ የሚጎዳው ካለቀው ሥራ ቀድሞ ሲመጣ ነው።

«ሄይል ቱ ዘ ቲፍ»ን በተመለከተ ግን ጥርጣሬው ከአድማጩ ወደ ሠሪዎቹ ተሻገረ። ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2008 የአልበሙን ቅደም ተከተል ለውጦ፣ ከአሥራ አራቱ ዘፈኖች አራቱን አውጥቶ፣ በአሥር ዘፈን የተሠራ ሌላ ዝርዝር ይፋ አደረገ። ጎድሪችም ከዓመታት በኋላ ሥራው ግሩም ቅጽበቶች ቢኖሩትም ዘፈኖቹ እንደበዙ፣ የራሱ አቅጣጫ እንዳልነበረውና ምናልባትም ከባንዱ አልበሞች ሁሉ አንሶ የሚወደው እሱን እንደሆነ ተናገረ። ረቂቁን የሰማ አድማጭ በመጋቢት 2003 «ረዘመ፣ አልታረመም» ብሎ የተጠራጠረው ነገር፣ ያን ጊዜ የቅጂው ጉድለት ተደርጎ የተተረጎመ ቢሆንም፣ በአልበሙ በራሱ ውስጥ የነበረ መሆኑን አልበሙን የሠሩት ሰዎች እንዲህ አረጋገጡለት። አድማጩ ያጣው ጆሮ አልነበረም፤ የሰማውን ለማመን የሚያስችለው ማስረጃ ነበር። ለዚያ ማስረጃ የጠበቀው አሥር ሳምንት ሲሆን የመጣው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

ይሁንና ይህም የመጨረሻ ፍርድ ሊሆን አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የሼክስፒርን «ሃምሌት» ከዚህ አልበም ሙዚቃ ጋር ያዋሃደ ቴአትር በማንችስተር ለመድረክ ሲዘጋጅ፣ ዮርክ የዘፈኖቹን ቅንብር ለመሥራት የባንዱን የድሮ የመድረክ ቅጂዎች አስፈልጎ አዳመጠ፤ በጉልበታቸውም እጅግ ተገረመ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ባንዱ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2009 በለንደን፣ በአምስተርዳም፣ በደብሊንና በቦነስ አይረስ የተቀዱ አሥራ ሁለት ዘፈኖችን እንደ አዲስ አልበም አወጣ። ስለዚህ የእነዚህ ዘፈኖች ትክክለኛ መልክ የቱ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ የ2002ቱ መድረክ፣ የ2003ቱ ረቂቅ፣ ይፋው ሲዲ፣ የዮርክ አጭር ዝርዝርና የኋለኛው የመድረክ ቅጂ ሁሉም የየራሳቸው ጠበቃ አላቸው። ዮርክ በ2008 ካስወጣቸው አራት ዘፈኖች ሁለቱ፣ «ዊ ሳክ ያንግ ብለድ» እና «አይ ዊል»፣ በመጨረሻው ቅጂ ውስጥ ተመልሰው ገብተዋል።